ከድምፁ በፊት የመጣው ጩኸት

ልጅ እያለሁ ላሊበላ ውስጥ ሄቪ ሜታል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከእናቴ ጋር ነው። ይህን ሳወራ የሚስቅብኝ አይጠፋም። ያኔ ግን ሙዚቃው እንዲህ ተብሎ መጠራቱን እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ። የምናውቀው ካሴቱ ከአስመራ መምጣቱንና የላከው ታላቅ ወንድሜ ሞላ መሆኑን ብቻ ነበር።

ሞላ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ከገባ ወዲህ ወሬው ጠፍቶብን ነበር። የእኔ ዘመን ሰው ያስታውሰዋል፤ ያኔ ብዙ ወታደር በደብዳቤ ፋንታ ድምፁን ካሴት ላይ ቀድቶ በሰው እጅ ይልክ ነበር። ማንበብ የማትችል እናት ደብዳቤ አስነብባ ከምታለቅስ የልጇን ድምፅ ብትሰማ ይሻላታል። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ የእኛዋ ያላት ተስፋ ሞላ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ለጻድቁ ለነአኩቶ ለአብ ስለት ስትሳል ከርማ፣ አንድ ቅዳሜ ከፍላቂት የመጣ ነጋዴ በጨርቅ የተጠቀለለች ካሴት አምጥቶ ሰጣት።

ቴፕ ያለው ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ነው። ሱቁ ነጭ ጋዝ፣ ሳሙናና አዲስ አቡጀዲ ተቀላቅሎ ይሸት ነበር። አዲስ የባትሪ ድንጋይ አስገባ፣ በሩን ገርበብ አደረገ፣ እናቴን ጆንያ ላይ አስቀመጣትና ካሴቱን ከፈተው።

የሞላ ድምፅ አልወጣም። መጀመሪያ ብረት ከብረት ሲፋጭ የመሰለ ነገር ተነሳ፤ ከዚያ እንደ መትረየስ የሚንጣጣ መጣ፤ በላዩ ላይ አንድ ወንድ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተነሳች። ጦርነቱን የቀዱላት መስሏት ነበር፤ የሚጮኸውም የእሷ ልጅ።

"ይዝጉት፤ ልጄ ሲሞት አላዳምጥም" አለች።

ደጅ ላይ ገበያተኛው ተሰበሰበ። አንዲት ሴትዮ ገና ምን እንደሆነ ሳታጣራ ደረቷን መምታት ጀመረች። አንድ ጊዜ እንዲህ ከተነሳ ለቅሶውን የሚመልሰው የለም፤ ሞላ በቁሙ ሊለቀስለት ነበር። ጋሽ ሰይድም ሊያጠፋው ጣቱን ቴፑ ላይ አደረገ።

እኔ ግን አንድ ነገር ጆሮዬን ስቦት ነበር። ያ ሰውዬ ቅድም የጮኸውን መልሶ ጮኸ። ከበሮውም ከሄደበት ዞሮ መጥቶ ልክ ቅድም በመታበት ቦታ መታ። በየዓመቱ ለገና ማሕሌት ሲቆም እያየሁ ያደግሁ ነኝና፣ ሄዶ የሚመለስ ዜማ አይጠፋኝም። ዘፈን ነው፣ አዝማች አለው አልኩ። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብሎ ትንሽ አዳመጠ፣ ጣቱንም አነሳ።

"አብሽሩ እትዬ ደብሬ፤ ልጂቱ እውነቷን ነው። በጥይት መሀል ቁጭ ብሎ እንዲህ ጊታር የሚመታ የለም።"

አንዱ ገጽ በዘፈን አለቀ። ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት መጣ፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ እንደሚወርድ ጉም ቀስ እያለ ሱቁን የሚሞላ፣ ሰው የሌለበት የሚመስል ረጅም ሙዚቃ። እናቴ አሁንም እንደቆመች ናት። ድንገት ሙዚቃው ቀጥ አለና ሞላ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።"

ባዶ ካሴት አጥቶ የጓደኛውን የፈረንጅ ዘፈን ለምኖ፣ ጫፏ ላይ ነው የቀዳባት። እናቴ ጆንያው ላይ ዘጭ ብላ እልል አለች፤ ደረቷን ስትመታ የነበረችውም ሴትዮ ከደጅ እልልታውን ተቀበለች። የዚያን ቀን እንደተነፈስኩት ያለ ትንፋሽ ከዚያ ወዲህ ተንፍሼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ከቅዳሴ መልስ ሱቁ ጎራ ማለት ልማዳችን ሆነ። ጋሽ ሰይድ ዘፈኑን አሳልፎ ሊከፍትላት ቢል እናቴ እምቢ አለች፤ ከተዘለለ ሞላ የሚጠፋ ይመስላታል። ስለዚህ አልበሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠጣነው። እኔ ጊታሩ ብቻውን የሚወጣበትን ቦታ እየጠበቅሁ ጆንያውን በጣቴ እደበድባለሁ። እናቴ ደግሞ ለዚያ ለሚጮኸው ሰውዬ ታዝንለት ጀመር፤ ለጉሮሮው ማር የምታልሰው እናት የለችውም ወይ ትላለች። ጉም የምትመስለዋን ረጅሟን ግን ወደደቻት። ያቺ ዘፈን ስትጀምር እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች፤ ልጇ ሊመጣ ነዋ።

ደርግ ሲወድቅ ሞላ በእግሩ መጣ። ከስቶ ጠቁሯል፣ ግን ሙሉ ሰው ነው። እናቴም በእሱ እጅ ተጦራ፣ ጠግባው አረፈች።

አሁን የምንኖረው ወልድያ ነው። ያኔ አንዲት ካሴት ነበረችን፤ ዛሬ የፈለግሁት አልበም ስልኬ ውስጥ አለ፣ ልጆቼም የጎረምሳ ሙዚቃ የምትሰማ አሮጊት እያሉ ይስቁብኛል። የድሮዎቹን፣ ጊታራቸው ጥርት ያለውን፣ አዝማቻቸው አብረሽ ጩኺ ጩኺ የሚያሰኘውን፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማቸዋለሁ። የኋለኞቹን፣ ነፋስና ዝናብ የሚመስሉትን፣ ቃሉ ከውስጥ ሰምጦ የሚቀርባቸውን ግን ሥራዬን ትቼ ነው። ረዘም ሲሉብኝ የሆነ ቦታ ላይ ሰው የሚናገር ይመስለኛል።

እሁድ እሁድ ሞላ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ጡረታ ወጥቷል፤ ጩኸት አይወድም። ይህን ሙዚቃማ ድሮም ወዶት አያውቅም። ወንበሩን ስቦ ይቀመጥና "ኧረ ይህን ነገር ቀንሽልኝ" ይለኛል። እንዳልሰማ እሆናለሁ። ደግሞ ሲለኝ፣ ድምፁ ከሙዚቃው መሀል ሲመጣልኝ፣ ያኔ እቀንሳለሁ።