ለሀብታሙ ያልነገርኩት የዲስክ ስም

በዚያ ሳምንት በቤቱ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት ጋሼ ሰይድ፣ ቀድሞ ጨርቅ ነጋዴ የነበሩት፤ ማመልከቻና ውል የምትተይበው ሙሉ፤ ባሕር ዳር ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ ወደ ወላጆቹ የተመለሰው ሀብታሙ፤ እና እኔ ስንታየሁ። ደንበኛ ይገባል ይወጣል፣ እሱን አልቆጥርም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ሰኞ በመሥሪያ ቤታችን የሆነ ትንሽ ነገር ነው። ሊነክስ የተባለውን ሲስተም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ስጭን አዲስ የተቀጠረች ልጅ አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። ዲስኩን በአጭር ስሙ በመጥራት ፋንታ ረጅሙን መለያ ቁጥር አንድ በአንድ ስጽፍ አይታ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ከሚደክሙ ስሙን ብቻ ቢጽፉትስ?» አለችኝ። ስም ይለወጣል አልኳት። እሷ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እኔ ግን እስከ ምሳ ድረስ በሐሳቤ ደብረ ታቦር ገበያ ጥግ ባለችው በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ቆየሁ።

ጊዜው ክረምት ነበር። ሐምሌ በደብረ ታቦር ጭቃውን እስከ በር ያመጣዋል። ጋሼ ሰይድ ደጃፉ ላይ ጆንያ አንጥፈው፣ ጫማውን ሳይጠርግ የሚገባውን በዐይናቸው ብቻ ይመልሱት ነበር። መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ ስለሚጠፋ የቤቱ ሕግ የተተየበ ሁሉ ፍላሽ ላይም እንዲቀመጥ ነው። ሊዘጋ ሲል ጋሼ ሰይድ ራሳቸው ፍላሾቹን ከየማሽኑ ይነቅሉና በብስኩት ጣሳ ከተው ወደ ቤታቸው ይወስዷቸዋል።

እኔ በዚያ ቤት ያለ ደመወዝ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ሊነክስን የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ነው፤ አስተማሪ አልነበረኝም። ማሽኑ ሲነሣ በስክሪኑ ላይ የሚያልፉትን መስመሮች በደብተር እየጻፍኩ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚቀሰቅስ በራሴ ለይቻለሁ። ጋሼ ሰይድ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ሊገዙ እንደሆነና ያን ጊዜ ሠራተኛ እንደሚቀጥሩ ሲነግሩኝ፣ ሠራተኛው እኔ መሆኔን አልተጠራጠርኩም።

ሀብታሙ የመጣው ኮምፒውተሮቹ በገቡ በሦስተኛው ቀን ነው። ማመልከቻ ሊያስተይብ ገብቶ ሳለ፣ ማተሚያው በሊነክስ አልሠራ ብሎ ሁለት ወር እንዳስቸገረኝ ሙሉ ነገረችው። ማተሚያውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ፈልጎ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አሠራው። ወረቀቱ ሲወጣ ሙሉ አጨበጨበች። ለእኔ አጨብጭባልኝ አታውቅም። በማግስቱ ከቤቷ የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር አምጥታ ትልቁን ለእሱ ስትሰጠው አየሁ። የሰው ድንች መመዘን ለጎልማሳ እንደማያምር አውቃለሁ፤ ግን መዘንኩት።

ጋሼ ሰይድም በነጋዴ ዐይን ሁለታችንን አዩና፣ «አንድ አንድ ማሽን ወስዳችሁ ሊነክስ ጫኑበት። የሚበጀኝን ነገ ጠዋት አያለሁ» አሉ። ሥራው የማን እንደሚሆን በዚያ እንደሚለይ ሁላችንም ገብቶናል።

ክርክሩ ወዲያው ተነሣ። እኔ ዲስኩ ለሦስት ይከፈል፣ የደንበኞች ጽሑፍ የራሱ ክፍል ይኑረው አልኩ፤ መብራት ጠፍቶ ሲስተሙ ቢበላሽ የሰው ውል ሳይነካ እንደገና መጫን ይቻላል። ሀብታሙ ደግሞ ዲስኮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ከከፋፈልናቸው አንዱ ሞልቶ ሌላው ባዶ ይቀራል ባይ ነበር። ማሽኑ ሲነሣ ምን ምን አብሮ ይነሣ በሚለውም አልተስማማንም። ሙሉ መተየቧን ሳታቆም፣ «ውርስ የምትካፈሉ ወንድማማቾች ነው የምትመስሉት» አለች። ጋሼ ሰይድ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ከምሳ በኋላ ሀብታሙ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርጎ ደብተሬን አየ።

«ስንታየሁ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሲስተሙ ክፍል ጠቦሃል። የአማርኛ ፊደሉና የጽሕፈት ፕሮግራሙ ሲገቡ ይሞላብሃል። አሁኑኑ አስፋው።»

ሌላ ሰው አልሰማም። ደግሜ ደመርኩት፤ እውነቱን ነበር። አመሰገንኩት ብል ውሸት ነው። አሰፋሁት፣ በቃ።

ብዙም ሳይቆይ በተራዬ የእሱን ስክሪን አየሁ። ማሽኑ ሲነሣ የሚያነበውን ፋይል በእጁ እየጻፈ ነበር። የጫነው ከፍላሽ ነው፣ ፍላሹም ገና እንደተሰካ ነው። በእነዚያ ማሽኖች ላይ እንዲህ ሲሆን ፍላሹ አንደኛ፣ ዲስኩ ሁለተኛ ተብሎ ይሰየማል። ነገሩ እንደ ወረፋ ነው፤ የፊተኛው ሲወጣ የኋለኛው ቦታውን ይይዛል። ሀብታሙ ዲስኩን በሁለተኛነት ስሙ ጽፎታል። ሦስት ጊዜ አጥፍቶ አስነሣው፤ ፍላሹ ስላልተነቀለ ሦስቴም ተነሣ። ጋሼ ሰይድ ሲዘጉ ፍላሽ እንደሚለቅሙ እሱ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «የተማርክ አይደለህ፣ ራስህ ድረስበት» አልኩ በሆዴ። ደብተሬን ገልብጬ ስለ ዝናቡ ለሙሉ የሆነ ነገር አወራኋት።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሰይድ ሁለቱንም ማሽኖች አበሩ። ዲስኩን በመለያ ቁጥሩ የጻፍኩበት የእኔ ተነሣ። የሀብታሙ ጥቂት መስመሮች አሳይቶ፣ የሌለውን ሁለተኛ ዲስክ እየፈለገ ቆመ። ሀብታሙ ጎንበስ ብሎ አነበበና ፍላሹ የነበረበትን ባዶ ቀዳዳ በጣቱ ነካ። ገብቶታል።

«ጋሼ፣ ስሕተቱ የእኔ ነው። አምስት ደቂቃ ቢሰጡኝ አስተካክለዋለሁ።»

«እሱንስ እሰጥሃለሁ» አሉ ጋሼ ሰይድ። «ግን አንተ ባሕር ዳር ሥራ ካገኘህ ነገ ሂያጅ ነህ። ያን ጊዜ እንዲህ ቢቆምብኝ ማንን እጠራለሁ? ስንታየሁ እዚሁ ነው።»

ሥራው የእኔ ሆነ። ሀብታሙ ማሽኑን አስተካክሎ፣ እጄን ጨብጦኝ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ብቻዬን ሄድኩ። ገብሱ ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ ነበር፣ ጭቃው ጫማዬን እየያዘ ያስቀረኛል። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ደስታ ግን እምቢ አለኝ። ጋሼ ሰይድ ከተናገሩት እንደገባኝ፣ ለሀብታሙ ብነግረውም ሥራው የእኔ ሳይሆን አይቀርም ነበር።

ለብዙ ጊዜ የቀናሁት በእውቀቱ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው እውቀቱን በደብተሬ እየጻፍኩ እደርስበት ነበር። የቀናሁበት ሌላ ነው። የተፎካካሪውን ስሕተት አይቶ ለመናገር አፍታ እንኳ አላመነታም። እኔ ያን ማድረግ አቃተኝ፣ የሚችለውንም ሰው ጠላሁት።

ጋሼ ሰይድ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰዎ የሳትኩትን ያርሙኝ። ሙሉ፣ አንቺ ከኋላችን ነበርሽ፤ የእሱን ስክሪን ሳይ አይተሽኝ እንደሆነ ጻፊልኝ። ሀብታሙ፣ እጄን ስትጨብጠኝ ስሕተትህን አይቼ እንዳልነገርኩህ አውቀህ ነበር ወይስ አላወቅክም? ይህን ከአንተ በቀር የሚነግረኝ ሰው የለም።