ጦስኝ የበቀለበት ዳገት

ልጄ ጣሊያን አገር አሮጊት እያስታመመች ትኖራለች። አሁን ልጄ ራሷ ታመመች ሲሉኝ ከቢቸና ድረስ መጣሁ። የምትኖርባት ከተማ አምባ ላይ የተቀመጠች ትንሽዬ ናት፤ ከሥሯ ወይራ ነው፣ ከዚያ ገደል። ዛሬ ከሐኪም ስንመለስ ዳገቱን እንዳጋመስን፣ «እማዬ፣ ትንሽ ልረፍ» ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዙሪያው ጦስኝ ኖሯል፤ ስረግጠው ሽታው አገሬ ወሰደኝ።

ያኔ ሕፃን ነኝ። ታላቅ እህቴን በቃሬዛ ወደ ቢቸና ጤና ጣቢያ ሲወስዷት ከኋላ ከኋላ እሮጣለሁ። ጦስኝ ከሞላበት ዳገት ስንደርስ አባዬ ጎንበስ ብሎ አያትና፣ «በሉ አውርዷት፤ አረፈች» አለ። እኔ የተኛች መስሎኝ ደስ አለኝ። ስትነቃ እንዲሸታት ብዬ ጦስኝ ቀጥፌ ራስጌዋ አደረግሁላት። አንዱ ተሸካሚ አየኝና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ተነሽ ልጄ፣ እዚህ አይታረፍም» አልኋት ክንዷን ይዤ።

«ምነው እማዬ፣ የጣሊያን ድንጋይ ይከፈልበታል እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ግን አልተነሳችም።

«ሐኪሙ ያን ሁሉ ሲያወራ ምን አለሽ?»

«እረፊ ነው ያለኝ» አለች ቁልቁል ሸለቆውን እያየች። «ሌላ መድኃኒት የለውም አለ።»