የፈሰሰው ቀዝቃዛ ውሃ

በባሕር ምርምር ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። «ጠብታ» ይሏታል። ጠርሙስ ታጥቦ አንዲት ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ከቀረች ቀኑን ሙሉ ስትነጫነጭ ስለምትውል የወጣላት ስም ነው። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ ዝም አለች፣ አሁን ስልክ ስታነሳ ራሷ «አቤት፣ ጠብታ ነኝ» ትላለች።

ሥራዋ ባሕሩን መለካት ነው። በትንሿ የምርምር ጀልባ ትወጣለች፣ ጠርሙስ በሽቦ ታወርዳለች፣ ከታች ያለውን ውሃ ይዛ ትመለሳለች። በዚሁ ሥራ ጸጉሯ ሸብቷል። ባሕሩ ግን ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ያበሳጫታል።

ከወደቡ ለሚወጣ ሰው ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ከሥሩ ግን ምድሪቱ አላለቀችም። ከዳርቻው ጀምራ እንደ ሰፊ በረንዳ ቀስ እያለች ታዘቀዝቅና፣ የአህጉሩ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ድንገት ወደ ጨለማው ትወርዳለች። ጀልባዋ ላይ የሚሠሩት «በረንዳው» እና «ገደሉ» ብለው ይጠሯቸዋል። በሙቀቱ ወራት በረንዳው ላይ የሚተኛው ውሃ ለብ ያለ፣ አየር የጠገበ ነው። ነፋሱ ፊቱን አዙሮ ዳርቻውን ተከትሎ መንፈስ ሲጀምር ግን የላዩን ውሃ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ የጎደለውን ለመሙላት ከገደሉ ሥር ሌላ ውሃ ይወጣል። ቀዝቃዛ ነው፣ ጨዋማ ነው፣ ፀሐይ ካየ ዘመናት አልፈውታል፣ በውስጡ ያለው አየር ተሟጦ አልቋል። አመጣጡ ደግሞ ይገርማል። ማዕበል የለው፣ ድምፅ የለው፣ ወለሉን እየላሰ ይገባል። ላይ ሰዎች እየሳቁ ሲዋኙ፣ ከእግራቸው በታች ሌላ ባሕር ገብቶ ይተኛል። ነፋሱ ሲደክመው ደግሞ እንደ መጣው ሹልክ ብሎ ይወርዳል።

የጠብታ ጭንቀት ይህ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው። ታናሽ ወንድሟ በባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ ዓሣ ያረባል፤ በባዶ በርሜሎች የተንሳፈፉ፣ ዓሦቹ የሚኖሩባቸው ትልልቅ መረቦች አሉት። በሙቀቱ ወራት የላዩ ውሃ ስለሚግል መረቦቹን ወደ ታች ያወርዳቸዋል። ቀዝቃዛው ውሃ ሲመጣ ግን ቶሎ ወደ ላይ ካላወጣቸው ዓሦቹ ታፍነው ያልቃሉ። መቼ ማውጣት እንዳለበት የሚነግረው ሌላ ሰው የለም።

አምና ነግራው ነበር። ቴርሞሜትሩ ቀዝቃዛ ነው አለ፤ እሷም አመነችውና «አውጣ» አለችው። አወጣ። ውሃው አልመጣም። ዓሦቹ ላይ ሆነው በሙቀት ተቀቀሉ፤ የሞተው ሞተ፣ የተረፈው ከሳ። ቴርሞሜትሩ ሲፈተሽ ተበላሽቶ ተገኘ።

ወንድሟ አልተቆጣም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ግን ባያት ቁጥር ይቀልዳል።

«እታለም፣ ውሃሽ ዘንድሮስ ይመጣል ወይስ እንደ አምናው አስጠብቆን ይቀራል?»

«ሲመጣ ታየዋለህ።»

«እኔ እንዳላየው አይደል እንዴ አንቺን ያስቀመጥኩት?»

እንደዚህ ሲላት ትስቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ቆሽቷ ያርራል። ለዚህ ነው አዲስ ሕግ ያወጣችው። ከአሁን በኋላ በየጠርሙሱ ላይ ሁለት ቴርሞሜትር ይታሰራል፤ ከወሩ ልማድ የወጣ ልኬት ከመጣ ውሃው ይደፋል፣ ጠርሙሱ ታጥቦ እንደገና ይወርዳል። የጣቢያው ኃላፊ ሕጉን ስለወደደው በትልልቅ ፊደል አሳትሞ ጀልባዋ ግድግዳ ላይ አስለጠፈው።

ዘንድሮ ነፋሱ ቀድሞ ነፈሰ። ጠብታ ጀልባዋን ለማስፈቀድ ስትለምን ከርማ፣ በመጨረሻ ከካፒቴኑ ጋር ወደ ገደሉ ወጣች። ካፒቴኑ ከቀልድና ከሞተር ሌላ የሚያውቀው የለም ይባላል።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ባሕር ጨልፈሽ ልትጨርሺው ነው?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ጀልባዋን ያቁሙልኝ እንጂ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ጠርሙሱ አፉን ከፍቶ ወረደ። ከታች ሲደርስ፣ ሽቦውን ይዞ የሚንሸራተት የነሐስ ክብደት ለቀቀችበት። ይህን ክብደት «መልእክተኛው» ይሉታል። ጨለማው ውስጥ ወርዶ ጠርሙሱን መትቶ ይዘጋዋል። ጠብታ ጣቷን ሽቦው ላይ አሳርፋ ጠበቀች። ከስንት ሰው ቁመት በታች የተፈጠረች አንዲት ቀጭን ንዝረት ሽቦውን ተከትላ መጥታ ጣቷን ነካች። ይህች ንዝረት ዘወትር ታስደስታታለች።

ሽቦውን የሚጠቀልለው ዊንች እያቃሰተ ጠርሙሱን አወጣው። አንደኛውን ቴርሞሜትር አነበበች፤ ቀዝቃዛ ነው። ሁለተኛውን አነበበች፤ ያው ነው። የወሩ ልማድ ግን ይህ አልነበረም፤ ቀዝቃዛው ውሃ የሚጠበቀው ገና ወደፊት ነው። አምና በዓይኗ ላይ ድቅን አለ፤ ላይ የተንሳፈፉት የዓሦቹ ነጫጭ ሆዶች ታዩዋት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሕግ፣ የራሷን ሕግ፣ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ የጠርሙሱን ቧንቧ ከፈተች።

ውሃው በጣቶቿ መሃል አልፎ ወደ ባሕሩ ፈሰሰ። ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ቀዘቀዛት። እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ ካፒቴኑ አያት።

«ምነው፣ ነከሰሽ እንዴ?»

«ቴርሞሜትሮቹ ተበላሽተዋል መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«ሁለቱም? ተመካክረው?»

አልሳቀችም። ጠርሙሱን አጥባ እንደገና አወረደችው። እሷ ስታጥብ ጀልባዋ ወደ በረንዳው ተንሸራትታ ስለነበር ጠርሙሱ ያረፈው ቀዝቃዛው ውሃ ገና ያልደረሰበት ቦታ ላይ ነው። ለብ ያለ ውሃ ወጣ፤ ሕጉ የሚፈልገው ዓይነት። በውሃው ውስጥ አየር መኖሩን የሚያሳየውን መድኃኒት ጠብ ስታደርግበት ቡናማ ሆነ፤ አየር አለ ማለት ነው። ከሌለ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እፎይ አለች።

ወደብ ሲቃረቡ ለወንድሟ ደወለች።

«ገና ነው» አለችው።

«እርግጠኛ ነሽ? ነፋሱ እኮ አላስተኛኝም።»

«ሁለት ጊዜ ለካሁ። ገና ነው።»

ቤቷ ሆና ግን እጇ አላስቀምጥ አላት። በማግስቱ እንደገና ልውጣ ብላ ጠየቀች። ጀልባዋ ዘይት ልትቀይር ነው አሏት። ዘይቱ ሲቀየር የሚፈርም ሰው የለም አሏት። ፈራሚው ሲመጣ ምሳ ሰዓት ነው አሏት። ጠብታ ቤተ ሙከራው ውስጥ ቆማ፣ በእንጨት ችንካር ላይ የተዘቀዘቁትን ጠርሙሶች እያየች ጥርሷን ነከሰች። ባሕሩ የማንንም ፊርማ ሳይጠብቅ እየመጣ ነበር።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«እታለም፣ ዓሦቹ መረቡ ጣራ ላይ ተለጥፈዋል። ሁሉም አፋቸውን እየከፈቱ ነው።»

የጠርሙስ ሳጥኗንና መድኃኒቷን አንጠልጥላ ሮጠች። በበረዶ ፋብሪካው በኩል፣ መረብ በሚሰፉት ሰዎች መሃል፣ ሰላም የሚሏትን ሳትመልስ። ወንድሟ በጀልባው ወሰዳት። ከመረቦቹ ሥር ውሃ ቀዳች፣ መድኃኒቱን ጠብ አደረገች። ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ወተት ያለ ነጭ ደመና ተነሳ። ሁለቱም ትኩር ብለው አዩት። ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«አውጣ» አለች።

ገመድ ሳቡ። ጎረቤቶች መጥተው ሳቡ። ከዳርቻው ራቅ ያሉት መረቦች ሲወጡ ከባድ ነበሩ፤ የሚላወስ ነገር አልነበረባቸውም። ወደ ውስጥ ያሉት ግን ገና ይንፈራገጡ ነበር። በረንዳው ላይ የወጣው ውሃ ገሚሱን ወስዶ፣ ገሚሱ ጋ ሳይደርስ ተቀደመ።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮው አስጠራት። የሆነውን ሁሉ ራሷ ነገረችው፤ ውሃውን መድፋቷንም ጭምር። ኃላፊው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ አዳመጣት።

«ሕጉ በትክክል ተከብሯል» አለ። «አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም። እንዲያውም ለሌሎቹ ምሳሌ ነሽ።»

«ጌታዬ፣ ሕጉ ነው ጥፋቱ። ያንን ወረቀት እንንቀለው።»

«ቀስ በይ እንጂ። ሕግ የሚነቀለው በስብሰባ ነው። ለሚቀጥለው ወቅት እናቀርበዋለን።»

«ውሃው እኮ አሁን ነው ያለው።»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አለና ስልኩን አነሳ። ጠብታ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ቢሰድባት ኖሮ ይቀላት ነበር። ምስጋናው ግን ጨጓራዋን ላጠው።

ከሰዓት ወንድሟ ጋ ሄደች። ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ ባዶ መረብ እያጠበ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲያጽናናው ውሏል፤ ለሁሉም «ይመስገን፣ የተረፈው ይበቃል» እያለ ነው የመለሰው። ለእሷም እንደዚያው አላት። ከጎኑ ተቀምጣ መረቡን ያዘችለት።

«እጄን ነክቶኝ ነበር» አለችው።

«ምኑ?»

«ውሃው። ገደሉ ጋ። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ። ደፋሁት።»

እጁ መረቡ ላይ ቆመ።

«በደነዘዘ እጅሽ ነው ስልክ አንስተሽ ‹ገና ነው› ያልሽኝ?»

«አዎ።»

ተነሳ። ጀልባው ተወዛወዘ። የአንገቱ ሥር ሲገታተር አየች፤ አምና እንኳ እንደዚህ አላየችውም።

«የደወለልኝ ቴርሞሜትር አይደለም» አለ። «እህቴ ነች። ‹እንጃ፣ ቀዝቅዞኛል› ብትይኝ ይበቃኝ ነበር። ማውጣቱንም መተዉንም እኔ እመርጥ ነበር። አንቺ ግን እንዳልሳሳት ብለሽ እኔን ዝም አሰኘሽኝ።»

እውነቱን ነው። ነፋሱ የበርሜሎቹን ገመድ እያፏጨ ያልፋል። ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ የላዩ ውሃ እጅ ሲነካው ይሞቃል። የተረፉት ዓሦች እዚያ ሙቀት ውስጥ ተጨናንቀው ይሽከረከራሉ።

«እነዚህን ላውርዳቸው ልተዋቸው?» አለ፣ ፊቱን ሳያዞርባት። «ያለሽን ንገሪኝ።»

ሳጥኗን አልከፈተችም። ነፋሱን በጉንጯ አዳመጠችው።

«አላውቅም» አለች። «ነፋሱ ቶሎ የሚያርፍ አይመስለኝም። ልሳሳት እችላለሁ። እኔ ብሆን ላይ ይቆዩ እላለሁ፣ ታች ከሚታፈኑ በሙቀቱ ይክሱ።»

ጎንበስ ብሎ ገመዱን በርሜሉ ላይ አሰረው፤ አጥብቆ፣ በንዴት።

«ይክሱ» አለ።

ባዶውን መረብ ማጠቡን እስኪመሽ ቀጠለ። እሷም መረቡን ይዛለት ቆየች።