ድመቱን ለማን ጥዬ?

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ «ቆራጡ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ጫማ ሰፊው ነው፤ ያወጣለትም ለማሾፍ ነው። ሰውየው ከፀጉር በስተቀር በሕይወቱ አንድም ነገር ቆርጦ አያውቅማ። አዲስ መስታወት ልግዛ አልግዛ ሲል ክረምት ከበጋ ይፈራረቅበታል። ሚስት ላግባ አላግባ ሲል ደግሞ ጉርምስናውም ጉልምስናውም ተሰናብተውት ሄዱ። አሁን አብሮት የሚኖረው ጌታው የሚባል ጆሮው የተሸነቆረ ግራጫ ድመት ብቻ ነው።

ጌታው ለስሙ የሚመጥን ፍጡር ነው። መስኮቱ አጠገብ ያለው የደንበኛ ወንበር የእሱ ነው። ወረፋው የቱንም ያህል ቢረዝም ሰው ቆሞ ይጠብቃል እንጂ እሱን ተነሥ የሚለው የለም። አንድ ጊዜ አንድ አዲስ ደንበኛ በክርኑ ገፋ ቢያደርገው፣ ቆራጡ የጀመረውን ፀጉር አቋርጦ ዞረና «ወንድሜ፣ እሱ እኮ ቀድሞህ ነው የመጣው» አለው። ፀጉሩን ሊቆረጥ ለሚቀመጥ ሁሉ የሚያወራው ወሬም አንድ ነው፦ ይህ ድመት ከእኔ እጅ በቀር አይበላም። ሌላ ሰው ቢሰጠው ዞር ብሎም አያየው።

አንድ ጠዋት የአንድ ደንበኛ አገጭ በአረፋ ለቅልቆ ምላጩን ሊያነሣ ሲል ስልኩ ጮኸ። ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት አቅፋ ደግፋ ያሳደገችው እሷ ነች፤ የምትኖረው ግን ራቅ ያለ ከተማ ነው።

«የዓይኔ ሞራ ሊነሣልኝ ነው» አለች፣ ሰላምታውን ዘልላ። «ሐሙስ ነው። ሐኪሙ የሚደግፍሽ ሰው ይዘሽ ነይ ብሎኛል።»

«እሰይ! እልል በይ እታለሜ! እኔማ ደስታውን አልችለውም፣ ግን…»

«ግን ድመቱን ለማን ጥዬ ልትለኝ ነው።»

ቆራጡ ልክ እሱኑ ሊል ነበር።

«ቤቴን ሳስመርቅ ድመቱ ገና ሕፃን ነው አልከኝ። አልጋ ላይ ስወድቅ ድመቱንም አሞታል አልከኝ። ጡረታ ስወጣ ምን ሆኖ እንደነበር እንኳ ረስቼዋለሁ። አሁን ስማኝ፤ በር መስሎኝ ግድግዳ ነው የምገጨው። ሌላ ማን አለኝ? ካልመጣህ፣ እህት አለችኝ ብለህ ሁለተኛ እንዳትደውል።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ቆራጡ ምላጩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ምነው? ምን ተፈጠረ?» አለ ደንበኛው፣ አረፋው አገጩ ላይ እየደረቀ።

«ድመቱን ለማን ልስጠው?»

ሰውየው እንኳን ለድመቱ፣ ለገዛ ጢሙም ሰው የሚያገኝ አልመሰለውም።

መጀመሪያ የተማከረው ጫማ ሰፊው ነው። ጫማ ሰፊው ሚስማሮቹን ከንፈሩ መሃል ነክሶ ስለሚውል፣ ምንም ቢናገር የሚሰማው በጥርሱ መሃል ሾልኮ ነው። «ለዚህ ነው እንዴ የምትጨነቀው?» አለ ሚስማሮቹን እንደነከሰ። «እኔ እያለሁልህ! ድመት ምን ጣጣ አለው? ይበላል፣ ይተኛል፣ ያኮርፋል። አማቴን ችዬ የለም እንዴ?»

ቆራጡ ግን ሳይሞከር አላመነም። ድመቱን ከነሳህኑ ተሸክሞ ወደ ጫማ ሰፊው ቤት አስገባው። ጫማ ሰፊው ከምሳው ላይ ሥጋ ቀንሶ አቀረበ። ጌታው ሥጋውን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ከዚያ ሊጠገን የመጣ ቡትስ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጠው። ጫማ ሰፊው ተንበረከከ። «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ» ብሎ ሥጋውን እስከ አፍንጫው አስጠጋለት። ድመቱ ሳይቸኩል ጥፍሩን አውጥቶ ጣቱን ቧጨረው። ሰውየው ሊጮህ አፉን ሲከፍት ሚስማሮቹ ወለሉ ላይ ተዘረገፉ።

«ውሰድልኝ! ይሄስ ከአማቴም ይብሳል!»

«አላልኩህም?» አለ ቆራጡ። ያዘነ ለመምሰል ታገለ፤ ደስታው ግን ፊቱ ላይ ቦግ ብሎ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ቆራጡ እህቱን ከሰው ሁሉ አብልጦ ነው የሚወዳት። ችግሩ ሌላ ነው። ከዚያች ከአንድ ክፍል ሱቁ ሲወጣ ለማንም የሚጠቅም ሰው አይመስለውም። ሆስፒታል ውስጥ ቆሞ ምን ሊረባት ነው? ቢወድቅባትስ? ቢሳሳትባትስ? እዚህ ግን የሚፈልገው አለ፤ ያለ እሱ እጅ የማይበላ ፍጡር አለ። ይህን ማሰቡ ያጽናናዋል፣ ከመንገድም ያስቀረዋል።

ወሬው ሱቁን ያከራዩት እማማ ዘንድ ደረሰ። እማማ ከጌታው ጋር ዓይንና ናጫ ናቸው፤ ያጠቡትን አንሶላ ባሰጡ ቁጥር መሃሉ ላይ ተኝቶ ያገኙታል። የሱቁን በር ሳያንኳኩ ገቡ።

«እህትህ ዓይኗ ሊጠፋ ነው አሉ። አንተ ድመት ታባብላለህ።»

«እማማ፣ አይበላም እኮ! በረሃብ ይሞትብኛል!»

«እስቲ አንተ ስታበላው ልየው።»

«የሚበላው ማታ ሱቁን ስዘጋ ነው።»

«እንግዲያው ዝጋ።»

እማማ አንዴ ካሉ አሉ ነው። ቆራጡ በጠራራ ፀሐይ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ማታ ማታ የሚሠራውን መሥራት ጀመረ። የተቆረጠውን ፀጉር ጠረገ። ሳህኑን ሞልቶ መስታወቱ ሥር አስቀመጠ። ጌታው ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ቆራጡ እንደ ልማዱ የፀጉር ማሽኑን አነሣ፤ ጥርሱ ውስጥ የተሰገሰገውን ፀጉር በብሩሽ አራገፈ፣ ዘይት ጠብ አደረገበት፣ ዘይቱ እንዲዳረስም አስነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ተወው። ማሽኑ ዝዝዝ አለ። ጌታው ከወንበሩ ዱብ ብሎ ሳህኑ ላይ ተደፋ።

«አዩልኝ?» አለ ቆራጡ እየተንጠራራ። «የእኔን እጅ ካላየ በስተቀር…»

እማማ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ማሽኑን አጠፉት። ጌታው ማኘኩን ትቶ ቀና አለ። አስነሡት፤ በላ። አጠፉት፤ ቀና ብሎ ገላመጣቸው።

«ልጄ» አሉ እማማ፣ ሰምቶት በማያውቀው ለስለስ ያለ ድምፅ፣ «አንተን አይደለም።»

ቆራጡ የጌታው ወንበር ላይ ዝርግት ብሎ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ዘመን በማሽን ፍቅር ሲመጻደቅ መኖሩ ነው። መሬት ብትከፈት ይገባባት ነበር። ልቡን እንደ ልጅ ከፋው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ አኩርፎ የሚቀርበት ሰበብ እንኳ አልተረፈለትም።

«ማሽኑን ለእኔ ተውና ሂድ» አሉ እማማ።

«አንሶላዎ ላይ ይተኛል እኮ…»

«ይተኛ። አጥበዋለሁ።»

«ያለ ማሽኔ ደግሞ ምን ይዤ…»

«የእህትህን ፀጉር ልትቆርጥ ነው የምትሄደው?»

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረ። ከተማውን ሳይለቅ ደወለ፤ ከእማማ ድምፅ ኋላ ዝዝዝ ሲል ሰማና ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ደወለ፤ «ድመቱ ስለ አንተ አልጠየቀም» ብለው ዘጉበት። ምሳ ላይ ሲደውል ያነሣው ጫማ ሰፊው ነበር።

«ጌታው እንዴት ነው?»

«ጌታውማ ጠግቦ ተኝቷል። እኔን ጠይቀኝ!» አለ ጫማ ሰፊው፣ ለቅሶ ለቅሶ እያለው። «ማሽኑ ዝም ብሎ መብራት ከሚበላ ብለው አስቀምጠው ላጩኝ።»

«እማማ? እንዴት አድርገው?»

«እኔ ምን አውቄ? መስታወት አላሳይም አሉኝ።»

ከዚያ በኋላ ቆራጡ አልደወለም።

ሐሙስ ዕለት እህቱን እጇን ይዞ ደረጃ አወጣት፣ ወረፋ ጠበቀላት፣ ጫማዋን አወለቀላት። አልወደቀባትም፣ አልተሳሳተባትም። ስትወጣ ዓይኗ ታሽጎ ነበር፤ እጇን በአየር ላይ ስትዘረጋ እጁን አገኘችው። ቤት አድርሷት ሾርባ በማንኪያ አጠጣት፤ ግማሹን ልብሷ ላይ ቢያፈስባትም «አይዞህ፣ እኔም አንተን ሳሳድግ እንዲሁ ነበርኩ» አለችው።

በማግስቱ ሐኪሙ ማሸጊያውን አነሣ። እህቱ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች። ነርሷን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ ፊት ለፊቷ የቆመውን ወንድሟን አየችው። እጇን አንሥታ የሸበተውን ጆሮ ግንዱን ዳሰሰችው።

«አንተ» አለች፣ «መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?»

«ሳታዪኝ» አለ።

ሐኪሙ ለጥቂት ቀን ማልቀስ ከልክሏት ስለነበር፣ የእሷንም እሱ አለቀሰላት።