መቅድም የሌለው መጽሐፍ

ያስገቡኝ በርበሬ ቤት ነው። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ነጋዴ የቅመም መጋዘን ነበር፤ በኋላ ተወረሰና እስር ቤት ሆነ። ቦታው መሃል ከተማ፣ ያኔ አዋሳ እንላት በነበረችው ሐዋሳ። ጆንያው ከወጣ ቆይቷል፣ በርበሬው ግን ከግድግዳው አልወጣም። ዘቡ ገፍቶ ሲያስገባኝ ገና ማንንም ሳላይ አስነጠስኩ። ደገምኩ። ሠለስኩ። ከጨለማው ውስጥ ያ ሁሉ ሰው በአንድ አፍ "ይማርህ!" አለኝ፤ ሳቅም ተከተለ። እኔ ሞት ይጠብቀኛል ብዬ እየተንቀጠቀጥኩ ስገባ እነሱ በምርቃት ተቀበሉኝ።

እንዴት እንደታሰርኩ ልንገራችሁ። አሁን ያስቀኛል፣ ያኔ ግን አላሳቀኝም። የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ታቦር ተራራ ሥር ከእህቴ ጋር በተከራየናት ቤት ልብ ወለድ ጽፌ ጨረስኩ፤ የሚያሳትምልኝ ግን አጣሁ። ታዲያ ምን አሰብኩ? ራሴ አሳትመዋለሁ! ማንን አማከርክ ብትሉኝ፣ ማንንም። የትምህርት ቤቱን ታይፕ ተዋስኩ፣ ስቴንስል የሚባለውን ሰም የተቀባ ወረቀት ገዛሁ፣ ከሥራ ስመለስ በሬን ዘግቼ ቀጭ ቀጭ ማድረግ ጀመርኩ። ስቴንስሉ ሲያልቅ በማባዣ መኪና አባዝቼ፣ በመርፌ ሰፍቼ ለወዳጅ ለዘመድ ልሸጥ ነበር ሐሳቤ። እስቲ አሁን በዚያ ዘመን በር ዘግቶ ስቴንስል ይመታል? ሰፈሩ በሙሉ ጆሮውን አቁሞ ሲያዳምጠኝ እኔ ሆዬ ደራሲ ሆኛለሁ።

የባሰው ደግሞ ይኸውላችሁ። እኛ አገር መጽሐፍ ያለ መቅድም አይወጣም። ደራሲው መጀመሪያ ስለ ንባብ ጥቅም ይሰብካል፣ ስለ ሥልጣኔ ያትታል፣ ስሕተቴን በትሕትና አርሙልኝ እያለ ይለማመጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ታሪኩ የሚገባው። እኔም ወጉ አይቅርብኝ ብዬ ከየትኛውም ምዕራፍ የሚረዝም መቅድም ጻፍኩ። "ወገኔ ሆይ፣ ንቃ! ጨለማው እስከ መቼ? ዓይንህን ግለጥ! እጅ ለእጅ ተያይዘን እንነሣ!" ይላል። መጽሐፍ አንብቡ ለማለት ነው እንግዲህ!

አብዮት ጠባቂዎቹ ቤቴን ሲፈትሹ በስቴንስል ተመትቶ ያለቀው መቅድሙ ብቻ ነበር። ታሪኩ ገና ደብተር ላይ ነው፤ ደብተሩን ደግሞ እህቴ እኔን ይዘውኝ እንደወጡ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ምግብ ይዛልኝ መጥታ በአጥሩ ሽቦ በኩል፣

"አቃጠልኩት፣ ወንድምዬ። ደህና አደረግኩ አይደል?" አለችኝ። ዓይኗ አብጧል።

ምን ልበላት? "ደህና አደረግሽ" አልኳት።

የዚያኑ ዕለት መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ፊቱ ያልከፋ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ስቴንስሎቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷቸዋል።

"ይሄ ወረቀት ለነማን ሊበተን ነበር?"

"ጓድ፣ ወረቀት አይደለም። የልብ ወለድ መቅድም ነው።"

"ልብ ወለዱስ የታለ?"

"ተቃጥሏል።"

"ታዲያ እንዲህ ነዋ!" ብሎ ፈገግ አለ። "ጭንቅላትህ ግን አልተቃጠለም። ነገ ጠዋት እጠራሃለሁ። ታሪክ ካለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትነግረኛለህ። ከሌለ ግን..."

አልጨረሰውም። ከዚያ ግቢ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" ተብለው በዚያው የቀሩ ስለነበሩ መጨረስ አላስፈለገውም።

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። የክፍላችን ካቦ፣ ማለትም ምግብ የሚያካፍለውና መኝታ የሚደለድለው አለቃችን፣ ግዙፍ የሲዳማ ሰው ነበር። ወንጌል አማኝ ነው፤ ቤቱ ሰው ሰብስቦ ዘመረ ተብሎ ነው የታሰረው። እህቴ ያመጣችልኝን ቆጮና ዓሣ እያካፈለ "አስተማሪው፣ ምን አሉህ?" አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። በአገጩ ጥጉን አሳየኝ።

"ጋሼ ጋ ሂድ። ሥራቸው ነው።"

ጋሼ ያልናቸው ጠጉራቸው የሸበተ፣ የመነጽራቸው እጀታ በክር የታሰረ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመጻሕፍት አርታኢ ነበሩ። ለሐይቁ አየር ብለው ዘመድ ጋ መጥተው፣ ሻንጣቸው ውስጥ የውጭ አገር መጽሐፍ ተገኝቶባቸው እዚሁ ቀሩ። መታሰራቸው ብዙም የሚያሳስባቸው አይመስልም። የሚያናድዳቸው ከበሩ በላይ የተጻፈው መፈክር መርዘሙ ነበር።

"መቅድምህን በቃልህ ታውቀዋለህ?" አሉኝ።

እንዴታ! ተነሥቼ ቆምኩ፤ ጉሮሮዬን ጠራርጌ እንደ ድል ቀን ተናጋሪ አስነካሁት። እጅ ለእጅ እንያያዝ የሚለው ጋ ሳልደርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

"በቃ፣ በቃ! እኔም ብሆን አስርህ ነበር።"

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ፊቴ ጋለ።

"ወጉ ነው እኮ፣ ጋሼ..."

"የምን ወግ! እንግዳ ጠርተህ ደጅ አቁመህ ስለ ምግብ ጥቅም ታስተምረዋለህ? አስገባውና አብላው እንጂ! ታሪክህ ስለ ምንድን ነው?"

"ስለ ዓሣ አስጋሪዎች።"

"ከዓሣው ጀምራ!"

ከዚያ የአሠራራቸውን ዘዴ ነገሩኝ። አዲስ አበባ ሳሉ ደራሲ ረቂቁን ሲያመጣላቸው ጸሐፊያቸው ፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያደርጉ ነበር። እሳቸው የሚያዩት የጸሐፊዋን እጅ ነው። ጥፍሯን መመልከት ስትጀምር እዚያች ላይ እርሳሳቸውን ያሳርፋሉ።

"እዚህ ደግሞ እግዜር ይመስገን የተሻለ መሣሪያ አለን" አሉ። "ቅማል። አንተ ተርክ፣ እኔ የሰዉን እጅ አያለሁ። ሰው ማከክ የጀመረበት ቦታ ይወጣል።"

እውነታቸውን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስናክ ነበር የምንውለው። ካቦው ሁሉንም ዙሪያዬን አስቀመጣቸው። እኔም "የንጋት ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ የወርቅ ጨረሯን ስትፈነጥቅ..." ብዬ ጀመርኩ። ወዲያው ቤቱ በሙሉ ያክ ጀመር። ክንድ፣ አንገት፣ ብብት!

"ይውጣ!" አሉ ጋሼ።

ወደ ባለታሪኩ አስተዳደግ ገባሁ። አሁንም አከኩ። "ይውጣ!"

"ጋሼ፣ እሱ ምዕራፍ እኮ ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበት ነው!"

"ክረምቱ አለፈ፣ አይዞህ። ቀጥል።"

ተናደድኩ። ነገ ለነፍሴ ልናገር ነው፣ እኚህ ሰውዬ የለፋሁበትን ሁሉ እንደ ሽንኩርት ይልጡብኛል። "ምን ሊቀርልኝ ነው ታዲያ?" ብዬ ጮኽኩባቸው። ቆጣ አላሉም። "እኔም እሱን ነው የምጠብቀው" አሉ።

በንዴት ዘልዬ አማትና አማቹ ጋ ገባሁ። ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው። በሠርጉ ቀን ተጣልተው ተኮራርፈዋል፤ ታንኳቸው ግን አንድ ነው፣ መረባቸውም አንድ። አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ መረብ ይጥላል፤ ሳይነጋገሩ ደግሞ ዓሣ አይያዝም። የዓሣ አንጀት ፍለጋ ዳር ዳሩን የሚከተላቸው አንድ አባ ኮዳ አለ፤ ያ ራሰ በራው ትልቅ ወፍ። በሱ በኩል መነጋገር ጀመሩ።

"አባ ኮዳ፣ ለዚያ ሰውዬ ወደ ግራ ቅዘፍ በልልኝ" ይላል አማትየው።

"አባ ኮዳ፣ በግራ በኩል ድንጋይ አለ ብለህ ለአባባ ንገርልኝ" ይላል አማችየው።

"አባ ኮዳ፣ እሱ ከመወለዱ በፊት ድንጋዩን አውቀዋለሁ በለው!"

አንድ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ቆየሁ። ያ የጥፍር ድምፅ የለም። ዙሪያውን ብመለከት እጅ ሁሉ ጉልበት ላይ አርፏል።

"ከዚያስ?" አለ ካቦው።

ከሕይወቴ ደስታዎች አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ያቺን "ከዚያስ" ነው የምመርጣት። እስረኛ መሆኔን ረሳሁት። ቀጠልኩ፤ መረቡ ተቀደደ፣ ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ አመለጠ፣ አማትየው አባ ኮዳን "አንተም ከሱ ጋር ሆነህ ነው!" ብሎ ተቆጣው፤ ሰዉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። በመጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት ወፉ አልመጣም። ሁለቱ ታንኳቸው ውስጥ ዝም ብለው ቆሙ። አማትየው ግራ ቀኙን አየ፤ ሳል አለ። ከዚያ ዞሮ የልጁን ባል ፊት ለፊት እያየ፣ "እንግዲህ ዛሬ በምን ልንግባባ ነው?" አለው።

ካቦው ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። "ከዚህ ስወጣ መጀመሪያ አማቴ ጋ ነው የምሄደው" አለ።

"ከዚህ በኋላ ምን አለው?" አሉ ጋሼ።

"ስለ ዕርቅ ጥቅም አጭር ማጠቃለያ..."

አፌን ሳልዘጋ ሰዉ ሁሉ ተነጋግሮ እንደመጣ ራሱን ያክ ጀመር። የማይበላውም ያካል! ጋሼም አብረው አከኩ። እኔ ራሴ ስቄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ መርማሪው ፊት ቆምኩ። ሻይ መጥቶለት ገና ይጨሳል፤ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጠክ ጠክ ያደርጋል። ፀሐይ የለ፣ አስተዳደግ የለ፣ በቀጥታ ታንኳው ውስጥ ገባሁ። ዓይኔ እጁ ላይ ነው። አባ ኮዳ ሲመጣ ጠክ ጠኩ ቆመ። "እሱ ከመወለዱ በፊት" የምትለው ጋ አፉን በእጁ ሸፈነ። ስጨርስ ሻዩ ላይ ስስ ቆዳ ወጥቶበታል፤ አንዴም አልነካውም።

"ታሪክ ነው" አለ። ትንፋሼ ተመለሰ። "መጨረሻው ግን አይሆንም። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ይግቡ፣ ሊቀመንበሩ ያስታርቃቸው። እንደሱ ብለህ ቃልህን ስጥና እጽፍልሃለሁ።"

"እሺ ጓድ" ማለት ነበረብኝ። እናንተም ብትሆኑ ትሉ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ጓድ፣ አርታኢዬን ላማክር።"

"ማንን?"

"አርታኢዬን። ክፍል ውስጥ ናቸው።"

አፍጥጦ አየኝ፤ ከዚያ ዘቡን "ውሰደውና መልሰው" አለው። እስከ ዛሬ ለምን እንደፈቀደልኝ አላውቅም። ዘቡ በሩን ከፍቶ እንደያዘው ነገሩን ለጋሼ ነገርኳቸው።

"ሻዩን ጠጣው?" አሉኝ።

"ቀዝቅዞበታል።"

"እንግዲያው ምን ያከራክራል? ሻይህን አስረስቶሃል፤ ያስረሳህን አትንካው ይላሉ በለው።"

"እንደዚህ ብዬ ልንገረው?"

ተነሥተው መጡ። የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከሉልኝ። "እኔ ነኝ ያልኩት በለው። ስሜን ጠርተህ፣ ከነአባቴ ስም ንገረው።"

ሄጄ እንዳሉኝ ነገርኩት፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠርቼ። መርማሪው ብርጭቆውን አየ። አነሣውና ያን የቀዘቀዘ ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

"ታሪኩ እንዳለ ይጻፍ" አለ ድምፁን ሳይለውጥ። "ይሄ መቅድም ግን እዚህ ይቀራል።"

"ይቅር፣ ጓድ" አልኩት። ከልቤ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተፈታሁ። ጋሼም ዘግየት ብለው ወጡ፤ ካቦውም ወጣ፣ እንዳለውም በቀጥታ አማቱ ጋ ሄደ። መጽሐፉን ደርግ ከወደቀ በኋላ በራሴ ወጪ አሳተምኩት፤ ጋሼ ሐይቅ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ቆሞ የሚያዳምጠውን የዓሣ አስጋሪ ሁሉ እጅ እያዩ አርመውልኛል። መቅድም የለውም። ምስጋና ላይ ስማቸውን ልጽፍ ብል "ምስጋና ሲነበብ ሰው ያካል" ብለው ከለከሉኝ። ስማቸው እንዲነሣ የፈለጉት ያን ዕለት ጠዋት ብቻ ነበር። እዚህም ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

አሁን እሳቸው የሉም። ታቦር ያለው ቤቴ መጽሐፍ ማሳተም የሚፈልጉ ወጣቶች ይመጣሉ። አስቀምጬ ሻይ አስቀርብላቸዋለሁ፤ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ የልጅ ልጄ ታዳምጣለች፣ እኔ እጇን አያለሁ። ዘንድሮ ማንም አያክም፣ ስልክ ነው የሚያነሣው። ይህን ትዝታም ትናንት አነበብኩላት። በርበሬ ቤት ስገባ ስልኳን አስቀመጠች፤ አልነካችውም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ መጨረሻው ላይ ስለ ምክር ጥቅም የጻፍኩት አንድ ገጽ ነበር፣ እጇ ወደ ስልኩ ሲሄድ አየሁ።

እሱን አውጥቼዋለሁ።