ለኮምፒውተር የተቀመጥንበት ሽምግልና

ብዙ ሽምግልና ተቀምጫለሁ፤ የድንበር፣ የፍቺ፣ የደም። ለኮምፒውተር ግን አንድ ቀን ብቻ ነው የተቀመጥሁት፤ ያውም ከገዛ ልጄ ፊት።

ልጄ ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ነበረቻት። ክፍሏ የሟች ባለቤቴ ወንድም የሆነው የአጎቷ ናት። እዚያ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አስቀምጣ ለነጋዴዎች ታከራያለች። እኔ ከቁርኣን ቤት ያለፈ ትምህርት የለኝምና ነገሩን ደጋግማ ነው ያስረዳችኝ። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን እያንዳንዱ ተከራይ ለብቻው ሙሉ ኮምፒውተር የያዘ ያስመስለዋል። ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። በፕሮሰሰሩ፣ ማለት በመሣሪያው አንጎል ውስጥ፣ ሬጅስተር የሚባሉ ትንንሽ ማስቀመጫዎች አሉ። አንዳንዶቹ ፍጥነቱንና ሙቀቱን ያዛሉ። እነዚያን አንዱ ተከራይ ከነካካቸው የሁሉም ሥራ ይናጋል። ስለዚህ ዘግታቸዋለች።

አጎቷም ተከራይ ነበር። የእህል መጋዘኑ ፕሮግራም ዘገየበትና የቀጠረው ባለሙያ፣ «ሬጅስተሩን ትክፈትልን፣ እናፈጥነዋለን» አለው። እሷ እምቢ አለች። ይኼኔ ሽማግሌ ሰበሰበ። እኔንም ጠራኝ፤ አባቷ ባለሁበት እምቢ እንደማትል ያውቃላ።

«ትናንት ያዘልኋት ልጅ፣» ብሎ ጀመረ፣ «ዛሬ በገዛ ክፍሌ፣ በገዛ መብራቴ ትዘጋብኛለች!»

«አጎቴ፣ በእርስዎ ላይ ብቻ አይደለም። በሁሉም ላይ ነው የዘጋሁት» አለችው።

«እኔና ሁሉም እኩል ነን?»

«እዚያ ውስጥ፣ አዎ።»

አብረውን የተቀመጡት ሸኽ እንደ ወጉ ከሁለቱም ወገን ሊቀንሱ ፈለጉ። «ልጄ፣ መንካቱ ከከፋ፣ ማየት ብቻ ቢፈቀድለትስ?»

ትንሽ አሰበች። «እሱ ይቻላል። ፍጥነቱን የሚያሳየውን እከፍትላቸዋለሁ። መለወጥ ግን አይሆንም።»

ወላሂ፣ እርቅ የወረደ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ማየትማ ለለማኝ ነው!» አለ አጎቷ። «ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሜ ልይ? ወይ ትከፍታለች፣ ወይ ክፍሌን ትለቃለች።» ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ ምን ይጎለታሉ? ይዘዟት እንጂ!»

ልጄ አየችኝ። ክፈቺ ብላት ትከፍት ነበር፤ ዓይኗ ነገረኝ። ክፍሏም ይተርፍላታል። ግን የመድኃኒት መደብሩም፣ የጨርቅ ነጋዴውም ሥራቸው እዚያው መሣሪያ ላይ ነው።

«ሌሎቹ ተከራዮች የታሉ?» አልሁ። «የሚጎዱት እነሱ ናቸው። እነሱ ሳይጠሩ እኔ አላዛትም።»

«አዳላህ!» አለኝ። እስከዚያች ሰዓት አንተ ብሎኝ አያውቅም። «ሽማግሌ ብዬ የልጅህን ጠበቃ ጠርቻለሁ!»

ተነሣሁ። ዱዓ ሳይደረግ ሽማግሌ ከተነሣ ሽምግልናው ፈረሰ። በዕድሜዬ አድርጌው አላውቅም። ሸኹ እጄን ሊይዙ ሞከሩ፤ አልቆምሁላቸውም።

ልጄ ኮምቦልቻ ክፍል አገኘች። ከመሄዷ በፊት የየተከራዩን ሥራ ገልብጣ አስቀመጠች፤ የአጎቷንም ጭምር። የእሱን ግልባጭ በፍላሽ እጁ ላይ ስትሰጠው ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

መሣሪያውን በሁለት ወገን ይዘን ስንወርድ አጎቷ ደረጃው መሐል ቆሞ ጠበቀን።

«ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ ይቀልጥልሻል!» አላት።

«አባዬ፣ በደንብ ይያዙት» አለችኝ።

ዞር አላለም፤ እኛም ዞር በል አላልነውም። መሣሪያውን ወደ ጎን አዘንብለን፣ ግድግዳውን ታክከን አለፍነው።