አማቷን ያላሳፈረችው ሹፌር

ሰፈር ውስጥ «መስኮቷ» ይሏታል። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት ወር እንኳ መስኮት ከፍታ ስለምትነዳ የወጣላት ስም ነው። ሥራዋ ደረቅ በረዶ ማመላለስ ነው፤ ከፋብሪካው ጭና ራቅ ብሎ ያለ ከተማ ለሚገኝ የመድኃኒት መጋዘን ታደርሳለች። ይህ በረዶ ቀልጦ ውሃ አይሆንም፤ እየተነነ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ የተዘጋ ቦታ ከሞላ ግን ሰውን ሳያስነጥስ ይጥላል። ስለዚህ ሳጥኖቹን ጥርቅም አድርጋ አትከድንም፤ ወፍራም ጓንቷን ሳታጠልቅ አትነካቸውም፤ ጭነት ካለ ሰው አታሳፍርም።

ከአማቷ ጋር ያቀያየማት ይሄ የመጨረሻው ነው። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ ጫማ ሰፊ ናቸው፤ ከልጃቸውና ከእሷ ጋር ይኖራሉ። እዚያው ከተማ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸውና አንድ ማለዳ ለባብሰው መኪናዋ አጠገብ ጠበቋት።

«አባባ፣ ዛሬ አልችልም። ጭነት አለኝ።»

«ጋቢናው ባዶ አይደል እንዴ?»

«ባዶ ነው፤ ጋዙ ግን አይታመንም። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«አንቺስ የምትተነፍሺው ሌላ አየር ነው?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አዘገሙ። ባሏ በር ላይ ቆሞ «ተያቸው፣ ኩርፊያቸው ከምሳ አያልፍም» አላት። እሷ ግን ቅር እንዳላት ሄደች።

መንገዱ አጋማሽ ላይ፣ መስኮቷ ክፍት ሆኖ ሳለ እንኳ፣ ራሷን ያማት ጀመር፤ ትንፋሿም ቁርጥ ቁርጥ አለ። ወዲያው ገባት። ዳር ይዛ ሞተሩን አጠፋችና ወረደች፤ በሮቹን በሙሉ ከፈተች፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መሥሪያ ቤቷ ስትደውል ሌላ መኪና እንልካለን አሏት።

እዚያው እንዳለች አንድ አውቶቡስ አለፋትና ፈንጠር ብሎ ቆመ። አማቷ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው እየተጣደፉ መጡ። አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄደ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ። ጋዙ ወደ ጋቢና ሾልኮ ነው። መኪናው ጋ እንዳይጠጉ።»

«መኪናውን ማን ፈለገው» ብለው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ቀጠሮዎ ሊያልፍ ነው እኮ።»

«ይለፋ። አንቺን ለማየት ዓይኔ አላነሰኝም።»

ከኪሳቸው ብርቱካን አውጥተው ልጠው አካፈሏት። ፊቷ መለስ ሲል አይተው ነው መሰል ተረጋጉ።

«ጠዋት አላሳፈርሽኝም ብዬ ነበር ያኮረፍኩት» አሉ። «ለካስ እውነትም አላሳፈርሽኝም።»

በራሳቸው ቀልድ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ እሷም ሳቀች።

በኋላ መኪናውን መካኒክ ሲያየው ጋቢናውንና ጭነቱን የሚለየው ግድግዳ ላይ ያለው የማሸጊያ ጎማ ተልጦ ተገኘ። እሱ እስኪቀየር ፈቃድ ወሰደችና አዲስ ቀጠሮ አስይዛ አማቷን በአውቶቡስ ሐኪም ዘንድ አደረሰቻቸው። ሲመለሱ ሽማግሌው አዲሱን መነጽራቸውን አድርገው በየመንገዱ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላት። አንዱንም ሳታቋርጥ ሰማቻቸው።